የሲኞራዋ ሽምብራ

መጀመሪያ በሬን ያንኳኩት እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ለወሩ የሚሆን ቁሌት። መስኮቱ ተከፍቷል። በሩ ተዘግቷል። ከበሩ ሥር ደግሞ እርጥብ ፎጣ ተወትፏል። አውሮፓ ውስጥ ፎቅ ቤት የተከራየ አበሻ ያቺን ፎጣ ያውቃታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ምድር ቤት፣ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ነዋሪዎች ወደ ደረጃው የሚወጣውን የምግብ ሽታ እንዲቀንሱ በትሕትና ይጠይቃል። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም።

ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ "አለቀልኝ" አልኩ።

ስከፍት ከእኔ ሥር ያለው ቤት የሚኖሩት ሲኞራ ናቸው። ሰማንያን የተጠጉ፣ አጭር፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። "ቦንጆርኖ" እንኳን አላሉኝም። በብብቴ ሥር አሾልከው ምድጃዬን አዩና፣

"ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው እንዴ የምትጠብሰው?" አሉኝ።

"አዎ ሲኞራ።"

"አያርም?"

"ሳላቋርጥ ነው የማማስለው።"

"ስንት ሰዓት?"

"አንድ ሰዓት። አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አድናቆት ይሁን ሐዘኔታ አልገባኝም። "እኔም እሁድ እሁድ ከማለዳ ጀምሬ ምድጃ ላይ ነኝ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ ሌላ ምግብ የሚሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር" አሉና ፎጣዬን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወረዱ።

ያኔ ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አሁን ዘጠነኛውን ይዣለሁ። ለማስተርስ መጥቼ፣ ተመርቄ፣ እዚሁ ቀረሁ። የቦሎኛ አካባቢ በማሸጊያ ማሽን ፋብሪካዎች የታወቀ ነው። ሻይ ቅጠሉን በከረጢት፣ ክኒኑን በፕላስቲክ የሚያሽጉ ማሽኖች እዚህ ይሠራሉ። እኔም ከፋብሪካዎቹ በአንዱ እንጀራዬን እበላለሁ።

ስለ ወረቀቱ ጣጣ ብዙ አልጽፍም። ከጀመርኩ አላቆምም። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን ከፖስታ ቤት ትወስዳለህ፣ ትሞላለህ፣ የ16 ዩሮ ቴምብር ትለጥፋለህ፣ ቀጠሮ ይሰጥሃል፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። የመጀመሪያው ፈቃዴ እጄ ሲገባ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ወር ነበር። ካርዱን በተቀበልኩ ሳምንት የማደሻውን ፎርም ሞላሁ። ቤት ፍለጋውም ያው ነው። በስልክ "አለ" የተባለው ቤት በአካል ስደርስ "አሁን ገና ተያዘ" ይባላል። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ቤት አሁን ገና ተያዘብኝ።

በዚህ አገር ቤት ተከራይተህ ነዋሪ ነኝ ብለህ ስትመዘገብ የማዘጋጃ ቤት ፖሊስ መጥቶ በእውነት እዚያ መኖርህን ያያል። የእኔ ቀን ሲደርስ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። በሩን ቢያንኳኳ ማንም የለም። ሲኞራዋ ከታች ሆነው ጮኹለት አሉ። "ይኖራል እንጂ! ሌሊት በጫማ ሲራመድ እሰማዋለሁ። እሁድ ደግሞ ሽንኩርት ያቃጥላል።" ፖሊሱ ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም። ብቻ ነዋሪነቴ ጸደቀ። ካልሲ ለብሼ መራመድም ከዚያን ቀን ጀመርኩ።

ካልሲ ካልኩ አይቀር ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቦሎኛ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የገዛሁትን አልጋ ልገጣጥም ፈልጌ የብረታ ብረት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። "ደህና ዋሉ" ማለት እንኳን በቅጡ አልችልም። ባለሱቁ ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ። በመጨረሻ ጨነቀኝና "ካቻቢቴ" አልኩ። ሰውዬው ደነገጠ። ከመደርደሪያው ካቻቢቴ አወጣ። ድፍረት አገኘሁና "ፒንሳ" አልኩ። ፒንሳም መጣ። አባቴ መካኒክ ነበር። ሕፃን ሆኜ "አቀብለኝ" ሲለኝ የምሰማው ሁሉ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ለካ ጣሊያንኛ ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ከተማው ሁሉ የአባቴ ጋራዥ መሰለኝ። ካልሲ፣ ኮሞዲኖ፣ ባኞ፣ ቦርሳ እዚህም ያው ናቸው። ካሮትም፣ ዝኩኒም፣ ፎርማጆም አላሳፈሩኝም። ፉርኖ ብቻ አሳሳተችኝ። እኛ ጋ ፉርኖ ዱቄቱ ነው፣ ዳቦው ነው። እዚህ ምድጃው ነው፣ ዳቦ ቤቱም ነው። ዳቦ ቤት ገብቼ "አንድ ፉርኖ ስጡኝ" ስል ሱቁን እንዲሸጡልኝ የጠየቅሁ ነው የመሰላቸው።

የምኖርበት ሰፈር ደግሞ ቺሬናይካ ይባላል። ሊቢያን በያዙበት ዘመን የወጣ ስም ነው። መንገዶቹም በቅኝ ግዛቱ ቦታዎች ተሰይመው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1949፣ የመንገዶቹን ስም ፋሺስትን ሲታገሉ በሞቱ አርበኞች ስም ቀየሩት። አንዱን ብቻ ተዉት፣ ቪያ ሊቢያን። እኔ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ "ካዜ ኢንቺስ" ከሚለው የመጣ ነው። ኢንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበር። እነሱ ጥለውልን በሄዱት ስም አድጌ፣ ከአፍሪካ ይዘው በመጡት ስም ተከራየሁ ማለት ነው። ሲኞራዋን "ስሙ አይገርምዎትም?" ብያቸው ነበር። እዚሁ ተወልደው እዚሁ አርጅተዋል። "ምኑ? ሰፈር እኮ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔስ ካዛንቺስ እያለሁ መቼ ገርሞኝ ያውቃል? አሁን ካዛንቺስ ራሱ አብዛኛው ፈርሷል። እናቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብታለች።

ወደ ሲኞራዋ ልመለስ።

ከሽንኩርቱ በኋላ ባለው እሁድ ሲኞራዋ በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን ይዘው መጡ። ሲከፍቱት እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፈነው። ታሊያቴሌ አል ራጉ። ጠፍጣፋ፣ ቢጫ፣ በእጅ የተቆረጠ ፓስታ። ሥጋው ከፓስታው ጋር ተዋሕዷል፣ ላዩ ላይ የተደፋ አይደለም። ሽታው ልክ የእናቴ ቤት የበዓል ዋዜማ ነው። ምራቄን ዋጥኩና የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

"አሳማ አለበት?"

"ትንሽ ፓንቼታ" አሉ፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው እያሳዩኝ። "ትንሽዬ።"

እዚህ አገር አሳማ ሥጋ አይደለም፣ ቅመም ነው። ፕሮሹቶው፣ ሞርታዴላው፣ ሳላሜው ይቅር፣ ቂጣው እንኳን በአሳማ ስብ ይለወሳል። ሥራ ቦታ "ሥጋ የለውም" ብለው የሰጡኝ ሾርባ ውስጥ አጥንት አግኝቻለሁ። "አጥንት እኮ ሥጋ አይደለም" አሉኝ።

"ይቅርታ ሲኞራ። አሳማ አልበላም።"

"ሐኪም ከልክሎህ ነው?"

"አይደለም። ሃይማኖቴ ነው።"

"ሙስሊም ነህ?"

"ክርስቲያን ነኝ።"

"ክርስቲያን ከሆንክማ ብላ!"

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ደረጃ ላይ ቆሜ፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛ ላስረዳ ሞከርኩ። ኦሪት ዘሌዋውያን ድረስ ሄድኩ። ሳህኑን መልሰው ከደኑትና ምንም ሳይናገሩ ወረዱ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁት። ያን ሳምንት ደረጃው ላይ ድምፃቸውን ስሰማ እቤት እየቆየሁ ነበር የምወጣው። ለአበሻ ምግብ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። መላሹ ደግሞ እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። ያው ሳህን፣ ያው መክደኛ።

"ፓንቼታ የለውም። የበሬ ብቻ ነው። ቅቤ ጨመርኩለት።" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ራጉ ነው አልልህም። ግን ምግብ ነው።"

ቆሜ ነው የበላሁት።

ፓስታ እኮ እናውቃለን ብዬ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ ምሳ ቤታችን ፓስታ ነበር። እናቴ ስፓጌቲውን ለሁለት ትሰብረዋለች፣ አብጦ እስኪለሰልስ ትቀቅለዋለች፣ ስጎው ላይ በርበሬ ጣል ታደርጋለች፣ በእንጀራ ጠቅልለን እንበላለን። አሁንም ከዚያ የሚበልጥብኝ ፓስታ የለም። አንድ ቀን ለሲኞራዋ ሠራሁላቸው። ሦስት ጉርሻ ያህል በሉና፣ በጨዋ ደንብ፣ "ይሄ ስጎ ጥሩ ነው። ፓስታው ግን ለታመመ ሰው ነው" አሉ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። "ጥሬውን እየበሉ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ያን ጊዜ ይጠሩኛል" አለች። ሁለቱ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ወይ ይጣላሉ ወይ ምግብ ቤት ይከፍታሉ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ታች እወርድ ጀመር። መጀመሪያ ለመብላት፣ በኋላ ለማየት፣ በኋላ ሽርጥ ተሰጠኝ።

ራጉን ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ ያሳዩኝ ነገር የለም። ያሰሙኝ ነው። ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰሊሪ እንደ ሩዝ ፍሬ አድቅቀው ከትፈው በቅቤ አለሰለሱ። ሥጋውን ጨመሩ። ወይን አፈሰሱ። ወይኑ ሽታው እስኪለወጥ ጠበቁ። ቲማቲም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ኋላ ላይ ወተት! ወተቱን ሳይ መጮህ ቀረኝ። ከዚያ እሳቱን ሊጠፋ እስኪደርስ ቀንሰው መክደኛውን ገለጥ አደረጉና ጆሮዬን ወደ ድስቱ እንዳዘነብል ነገሩኝ። ትንሽ ቆይቶ "ፑፍ" አለ። ዝም። እንደገና "ፑፍ"። "መንሾካሾክ አለበት" አሉኝ። "ካወራ እሳቱ በዝቷል። ዝም ካለ ጠፍቷል።" ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲህ ሲንሾካሾክ ይቆያል። ነጭ ሽንኩርት የለውም። "ስፓጌቲ ቦሎኜዝ" የሚባለውን ፈረንጅ ሁሉ የሚያዝዘውን ምግብ ደግሞ እዚህ ስሙን አታንሱ። ቦሎኛ ውስጥ ራጉ የሚበላው በታሊያቴሌ ነው።

ቀልዳቸውን እንዳይመስላችሁ። የራጉው አሠራር እንደ ፈረንጆቹ በ1982 በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ተመዝግቦ ተቀምጧል። የታሊያቴሌው ከዚያ ቀድሞ በ1972። ስፋቱ ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይሄ ከየት መጣ ብትሉ ከአዚኔሊ ግንብ ቁመት 12,270ኛው እጅ ነው። ግንቡ መሃል ከተማ የቆመ 97 ሜትር የሚሆን የመካከለኛው ዘመን ግንብ ነው። ንግድ ምክር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ለመለኪያ የሚሆን ከወርቅ የተሠራ ታሊያቴላ አለ። እኔ መሐንዲስ ነኝ። ሒሳቡን አስልቼዋለሁ፣ ልክ ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው እኛም የምንስቅ አይደለንም። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት መሆኑን ማንም ውልና ማስረጃ ሄዶ አላስመዘገበም። ግን አሥራ አንድ አድርጋችሁ አማት ፊት አቅርቡ እስኪ።

እናቴ ታዲያ እሁድ እሁድ የት እንደምጠፋ ጠየቀችኝ።

"ሲኞራዋ ጋ ነኝ እማዬ። ሊጥ እዳምጣለሁ።"

"ምን?"

"ሊጥ። በመዳመጫ።"

ረጅም ዝምታ። "እኔ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ስትኖር ውሃ አፍልተህ ታውቃለህ?"

መልስ የለኝም። አላፈላሁም። ቁሌት ማቁላላትን ራሱ የተማርኩት እዚህ መጥቼ፣ በቫይበር፣ እሷ እየሳቀችብኝ ነው።

ሊጡ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ እንቁላል ለመቶ ግራም ዱቄት። ዱቄቱ ሰፊ ጣውላ ላይ ይከመራል፣ መሃሉ ይጎደጎዳል፣ እንቁላሉ እዚያ ይሰበራል። በሹካ እየመቱ ዱቄቱን ከዳር ከዳር ማስገባት። ከዚያ በእጅ መዳፍ መግፋት፣ ማጠፍ፣ መግፋት። ሩብ ሰዓት ያህል። "እስከ መቼ?" ስላቸው ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረጉኝ። የጆሮ ጫፍ ያህል ሲለሰልስ ማለታቸው ነው። ሳህን ተደፍቶበት ግማሽ ሰዓት ያርፋል። መዳመጫቸው አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ነው። እሱን ይዘው ከመሃል ወደ ውጭ እየገፉ፣ እየጠቀለሉ፣ እያዞሩ ሊጡን ጠረጴዛው እስኪሞላ ድረስ ያሰፉታል። የእኔ የመጀመሪያው መሃሉ ተቀደደ። ጠርዙ እንደ ካርታ ወጣ ገባ ሆነ። ልጥለው ስል እጄን ያዙኝ። በቢላዋ እንዳሻቸው ቆራርጠው "ማልታሊያቲ" አሉት። በደንብ ያልተቆረጠ ማለት ነው። የታወቀ የፓስታ ዓይነት ነው፣ ከቁርጥራጭ የሚሠራ፣ ባቄላ ሾርባ ውስጥ የሚገባ። የተበላሸውን ስም አውጥተው ይበሉታል። ፍርፍር ለማያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት ይከብዳል። እኔ ወዲያው ነው የገባኝ።

ጣሊያንኛም እንደ አማርኛ እርስዎና አንተ አለው። እኔ ሁሌ "ሌይ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል። አንድ ቀን "በቃ አሁን አንቺ በለኝ" አሉ። እዚህ ይሄ ትልቅ ክብር ነው፣ ቤተሰብ ሆነሃል ማለት ነው። ሞከርኩ። እምላለሁ ሞከርኩ። ሰማንያ ዓመት ለሆናቸው ሴት አንቺ ለማለት ምላሴ እንቢ አለኝ። "ሲኞራ፣ እኛ አገር ቤተሰብ ሲሆኑ ነው ይበልጥ እርስዎ የሚባለው" አልኳቸው። አሰቡበትና "እንግዲያው የአገርህን አድርግ" አሉኝ።

ከዚያ ገና መጣ። የእነሱ ገና።

ለዋዜማው ጋበዙኝ። ልጃቸው ከሞዴና ከነባሏና ከነልጆቿ ትመጣለች። ታኅሣሥ 15 መሆኑ ነው በእኛ። ጾም ላይ ነኝ። የነቢያት ጾም ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

"ጾም? እኛም እኮ ዋዜማውን እንጾማለን!" አሉ ደስ ብሏቸው። "ሥጋ አንነካም። ቶርቴሎኒ እሠራልሃለሁ፣ በሪኮታ።"

"ሪኮታ አይብ ነው ሲኞራ።"

"ታዲያስ?"

"አይብ አንበላም።"

"እሺ በቅቤ ብቻ።"

"ቅቤም።"

"እንቁላል?"

"እንቁላልም።"

"ዓሣስ?"

እዚህ ላይ ክርክር እንዳለ የምታውቁት ነው። እኔ አልበላም አልኳቸው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጾምን "ማግሮ" ነው የሚሉት፣ ከሲታ እንደማለት ነው። የእኔን ጾም ሲሰሙ "ይሄማ ከሲታ አይደለም፣ አጽም ነው" አሉ። "ታዲያ ምንድነው የምትበሉት?"

"ሽሮ። ምስር። ጎመን። ሽምብራ..."

"ቼቺ!" ብለው ተነሡ። ሽምብራ የምትለዋ ቃል መብራት ያበራችባቸው መሰለኝ። ልጅ ሆነው፣ ጦርነቱ እንዳለቀ፣ ዓርብ ዓርብ እናታቸው ፓስታ ኤ ቼቺ ይሠሩ ነበር። ሥጋ ስለሌለ ዓርቡ ከሌላው ቀን አይለይም ነበር አሉ። "ቄሱ ጹሙ ሲሉን እናቴ ትስቅ ነበር።"

እንዲህ ነው የሠሩት። ሽምብራው አድሮ ተዘፍዝፏል። በዚያ ላይ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል። ግማሹ ይፈጫል፣ ግማሹ ፍሬውን እንደያዘ ይቀራል። ከዚያ ፓስታው እዚያው ድስት ውስጥ ይበስላል። ቀድመው ማልታሊያቲ ሊያደርጉ ነበር፣ እንቁላል እንዳለበት አስታውሰው ግንባራቸውን መቱ። ከቁም ሣጥን የሱቅ ፓስታ አወጡ፣ እንደ ትንንሽ ቀለበት የተቆረጠ። በጣሊያን ሕግ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ ነው መሠራት ያለበት። ዱቄትና ውሃ ነው፣ እንቁላል የለበትም። ዱረም ደግሞ ባዕድ አይደለም፣ በዓይነቱ ብዛት የኢትዮጵያን ስንዴ የሚያህል ያለበት አገር ጥቂት ነው። መጨረሻ ላይ ጥሬ የወይራ ዘይት ከላይ ዞረው አፈሰሱበት፣ ቁንዶ በርበሬ ፈጩበት። ሽታው ተነሣ። የጥብስ ቅጠል እና ሽምብራ። ዓይኔን ብጨፍን የማን ቤት እንዳለሁ አላውቅም።

ደግሞ ያቺ ማታ ናት ያቺ ቃል የወጣችው።

ልጃቸው ደርሳለች። ሕፃናቱ በጠረጴዛው ሥር ይሯሯጣሉ። አራቱም ምድጃ ላይ ድስት አለ፣ ፉርኖው ውስጥ ሌላ፣ መታጠቢያው ላይ የዕቃ ክምር። ሲኞራዋ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ኬ አምባራዳን!" አሉ።

ቀዘቀዝኩ። "ምን አሉ?"

"አምባራዳን። ትርምስምስ ማለት ነው። አታውቃትም?"

ቃሏን አላውቃትም። ቦታዋን ነው የማውቃት። አምባ አራዶም ከመቀሌ በስተደቡብ ያለች ተራራ ናት። በየካቲት 1928 የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት የተመታባት ናት። መድፍ፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ወርዶባታል። የእነሱ ወታደሮች ከዚያ ሲመለሱ ስሙን ይዘውት መጡና ለግርግር መጠሪያ ሆነ። ዛሬ አያት ለልጅ ልጅ "መጫወቻህን ሰብስብ፣ ምንድነው ይሄ አምባራዳን?" ትላለች።

ይሄን ሁሉ እዚያው አልተናገርኩም። የበዓል ዋዜማ ነው። "የአገሬ ተራራ ስም ነው ሲኞራ። ጦርነት ነበረበት" ብቻ አልኳቸው። ሞባይሌን አውጥቼ ካርታው ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። ልጃቸው "እማማ፣ ውሃው እየገነፈለ ነው" አለች። ስልኩን መለሱልኝ፣ ወደ ድስቱ ሄዱ። ምንም አላሉም። እኔም ከሳቸው ምን መስማት እንደፈለግሁ አላውቅም ነበር። ሽምብራዬን ከሁሉም ቀድሞ ለእኔ ቀዱልኝ፣ ሙልት አድርገው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቃሏን ከአፋቸው ሰምቻት አላውቅም። አሁን ነገር ሲዝረከረክባቸው "ኬ ካዚኖ!" ነው የሚሉት። ካዚኖ ሴተኛ አዳሪ ቤት ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሰበካው ቄስ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳለ አምልጧቸው ብቅ አለች። ቄሱ ሳል አሳላቸው። ሲኞራዋ ወደ እኔ አዩ፣ የአንተ ጥፋት ነው በሚል ዓይን።

በእኛ ገና ደግሞ እኔ ጠራኋቸው። ዶሮው እንዳለ ሆኖ፣ ሽሮም ሠራሁ፣ ለሳቸው ብዬ። እንጀራውን ዳር ዳሩን እየነካኩ "ይሄ ሳህን ነው ወይስ ዳቦ?" አሉ። ሁለቱንም ነው አልኳቸው። ሽሮው ከምን እንደሆነ ስነግራቸው፣ ጄኖቫ በኩል ከሽምብራ ዱቄት የሚጋገር ፋሪናታ የሚሉት ቂጣ አለ አሉኝ፣ በውሃ፣ በዘይትና በጨው ብቻ። ሽሮ ግን እንዲህ ሲፈስ አይተው አያውቁም። ቀመሱ። በርበሬው አሳላቸው። ውሃ ጠጡ። እንደገና ቀመሱ። "ፓስታ የሌለው ፓስታ ኤ ቼቺ" አሉ። እዚህ አገር ሳህን ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ መጥረግ ስካርፔታ ይባላል፣ ትንሽዬ ጫማ ማለት ነው። ደንብ አዋቂ ነን ባዮች ሰው ፊት አይደረግም ይላሉ፣ ሁሉም ግን ያደርገዋል። ሲኞራዋ ዙሪያቸውን አዩ። ጠረጴዛው ላይ ያለነው ሁሉ በእጃችን እየጠረግን ነው። "እናንተ ጋ ምሳው በሙሉ ስካርፔታ ነው ማለት ነው?" አሉ። በዚያ ማታ ከበሩ ሥር ፎጣ አልነበረም።

አሁን ሲኞራዋ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አንጓቸው ያብጣል። መዳመጫውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዝዛሉ። "ግፋ።" "አትጫነው፣ ግፋው አልኩህ።" "ጠርዙ ወፍራም ነው፣ ከዚህ ይሰማኛል።" እንዴት እንደሚሰማቸው አልጠይቅም። ድስትም ይሰማሉ።

ባለፈው እሁድ ስድስት እንቁላል ነበር። ጠረጴዛውን ሞልቶ ዳሩ ወደ ታች ተንጠለጠለ። አልተቀደደም። በሁለት እጄ እንደ አንሶላ አነሳሁትና መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ቦሎኛ ውስጥ የሊጥ ስስነት የሚለካው እንዲህ ነው፣ በሊጡ ውስጥ ሳን ሉካ መታየት አለበት። ሳን ሉካ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። 666 ቅስቶች ያሉት መተላለፊያ እስከ በሩ ያደርሳል። ችግሩ ከሲኞራዋ መስኮት ሳን ሉካ አይታይም። የሚታየው ጓሮው ነው፣ ከጓሮው ማዶ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ።

"ይታያል?" አሉኝ።

ዓይኔን አጨነቆርኩ። ከቢጫው ሊጥ ማዶ አንድ ቀይ ነገር በነፋስ ይወዛወዛል።

"ካልሲ" አልኩ፣ በአማርኛ፣ ሳላስበው።

ወንበራቸው ላይ ጎበጥ አሉና በሊጡ ሥር አጮልቀው ማዶውን አዩ። ከዚያ በሊጡ በኩል አዩ።

"ስንት?"

"ሁለት።"

"በቃ፣ ቁረጠው።"